የተቈረጠ ጅማት

ሰው ጤነኛ ሳለ የአካሉን ሥራ አያስተውልም። እጁ ሲታዘዝለት፣ እግሩ ሲሸከመው፣ ጀርባው ሲቃናለት ይህ ኹሉ እንዲያው የሚሆን እንጂ በብዙ ጥበብ የሚፈጸም አይመስለውም። ከብልቶቹ አንዱ ሥራውን የተወ እንደ ሆነ ግን ያን ጊዜ መጠየቅና መመርመር ይጀምራል። እኔም ከአርባ ዓመት በላይ የጻፍሁበት ጣት አንድ ቀን እምቢ ባለኝ ጊዜ ስለ ጅማት ምንም የማላውቅ መሆኔን ተረዳሁ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞችን በመጠየቅ፣ የውጭውን ቋንቋ የሚያውቅ የእኅቴ ልጅም መጻሕፍቱን እየተረጐመልኝ ጥቂት ዕውቀት አግኝቻለሁ። ይህንንም ለአንባቢዎች ለማካፈል የወደድሁት ስለ ኹለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ነገሩ ራሱ ሊታወቅ የሚገባው ስለ ሆነ ነው፤ ኹለተኛውም፣ በዚህ ነገር የሠራሁት ስሕተት ስላለ ሌላው ሰው እንዳይደግመው ስለምሻ ነው።

በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፣ ዝናሙ በጠናበት በአንድ ማታ መብራት ጠፋ። ፋኖስ ላበራ ብዬ መስተዋቱን በጨርቅ ስወለውለው በቀኝ እጄ ውስጥ ተሰበረና የሌባ ጣቴን ሥር በመዳፍ በኩል ቈረጠው። ቍስሉ ከአንድ ጥፍር ስፋት አይበልጥም፤ ደሙም ብዙ ሳይፈስ ቆመ። ባለቤቴ በንጹሕ ጨርቅ አሰረችልኝና ተኛን። በማግሥቱ ግን ብርዕ ላነሣ ብዬ እጄን ብጨብጥ ሌሎቹ ጣቶች ሲታጠፉ ሌባ ጣቴ ብቻውን ስሙ ሲጠራ እንዳልሰማ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቀረ። ሕመሙ ጥቂት ነው፤ ዳሩ ግን ባዝዘውም ብለምነውም የሚታጠፍ አልሆነም።

እኔም ወልቆ ይሆናል ብዬ በሰፈራችን ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ሄድሁ። እኒህ ሰው ስንቱን የወለቀ ትከሻ የመለሱ፣ ስንቱን የተሰበረ ክንድ አስረው ያዳኑ ናቸው። ጣቴን ይዘው ወደ ላይም ወደ ታችም አንቀሳቀሱት፤ ኋላም «እስቲ ያጥፉት» አሉኝ። አልሆነልኝም።

«የኔታ፣ ይህ ወልቆ አይደለም፤ ዐጥንቱም ደኅና ነው። ገመዱ ተቈርጧል። የተቈረጠ ገመድ በማሸት አይቀጠልም፤ ውለው ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይሂዱ» አሉኝ።

«ከበዓሉ በኋላ በሚመጣው ሳምንት ቢሆንስ?» ብላቸው፣ «ገመዱ ሲቈረጥ ሳቢው ወደ ላይ ይዞት ይሸሻል፤ በቈዩ ቍጥር እየራቀ ነው» ብለው መለሱልኝ። ገንዘብም አልተቀበሉኝም። ብዙ ሰው ወጌሻን ኹሉ በአንድነት ይነቅፋል፤ እኔ ግን የማይችለውን ዐውቆ ወደሚችለው የሚመልስ ባለሙያ ያየሁት በዚያች ትንሽ ቤት ነው።

በሐኪም ቤት የተቀበለችኝ ወጣት የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበረች። ሽማግሌው ያሉኝን ብነግራት ፈገግ ብላ «እውነታቸውን ነው» አለችኝ፤ ቀጥላም ነገሩን በወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችኝ። እኛ በአማርኛ ጅማት ስንል ብዙ ነገር እንቀላቅላለን፤ በግእዝም ሥርው የሚለው ቃል ሥርንም ጅማትንም ባንድነት ይጠራል። ሐኪሞች ግን ይለያሉ። ዐጥንትን ከዐጥንት የሚያያይዘው አንድ ነው፤ ጡንቻን ከዐጥንት የሚያያይዘው ሌላ ነው፤ ከአንጐል ትእዛዝ የሚያመጣው ነርቭም ደግሞ ሌላ ነው። በእኔ ላይ የተቈረጠው ጡንቻን ከዐጥንት የሚያያይዘው ነው።

ጣትን እስከ ጫፉ የሚያጥፉት ጡንቻዎች በጣት ውስጥ አይደሉም፤ ከክርን በታች በክንድ ውስጥ ናቸው። ከዚያም ረጃጅም ጅማቶች እንደ ገመድ ወጥተው በእጅ አንጓና በመዳፍ አልፈው ወደ ጣቶች ይደርሳሉ። ከአውራ ጣት በቀር እያንዳንዱ ጣት ኹለት ኹለት አጣፊ ጅማት አለው፤ አንዱ በመካከለኛው ዐጥንት ላይ ያበቃል፤ ኹለተኛው እስከ ጫፉ ይሄዳል። ላይኛው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ለኹለት ተሰንጥቆ መንገድ ይለቃል፤ ታችኛውም በስንጥቁ መካከል ሾልኮ ያልፋል። ኹለቱም በአንድ ጠባብ ሰገባ ውስጥ ይመላለሳሉ፤ ሰገባውም በየስፍራው እንደ ቀለበት ባሉ ማሰሪያዎች ከዐጥንቱ ጋራ ተይዟል። እነዚህ ቀለበቶች ባይኖሩ ጣት በታጠፈ ቍጥር ጅማቱ እንደ ደጋን አውታር ከዐጥንቱ ርቆ በተወጠረ፣ ጕልበቱም በባከነ ነበር።

የእኔ ቍስል ኹለቱ ጅማቶች በአንድ ሰገባ በሚኖሩበት ስፍራ ላይ የደረሰ ነው። ይህም ስፍራ በሐኪሞች ዘንድ የቈየ ታሪክ አለው። ስለ ምርምሩ የምጠቅሳቸው ዓመታት ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1944 ስለ እጅ ቀዶ ጥገና ታላቅ መጽሐፍ ያወጣው የሳን ፍራንሲስኮው ሐኪም ስተርሊንግ በኔል ይህን ስፍራ «ባለቤት የሌለው ምድር» ብሎ ጠርቶታል። ይህ ስም በጦርነት ጊዜ በኹለት ምሽጎች መካከል ላለውና ማንም ሊቆምበት ለማይደፍረው መሬት የሚሰጥ ነው። እንዲህም ያሰኘው በዚያ ስፍራ የተሰፋ ጅማት ከሰገባው ጋራ እየተጣበቀ ጣቱ ደርቆ ይቀር ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ በኔል ያስተማረው፣ በዚህ ስፍራ ጅማት የተቈረጠ እንደ ሆነ በመጀመሪያ ቆዳውን ብቻ መዝጋት፣ ቍስሉም ከዳነ በኋላ የተበላሸውን አውጥቶ ከሌላ ስፍራ በተወሰደ ጅማት መተካት ነበር።

ከዚህም ጋራ፣ ጅማት በራሱ የመዳን ኀይል የለውም፤ የሚድነው በዙሪያው ያለው ሥጋ ተጣብቆ ሲረዳው ብቻ ነው የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ ነበረ። እንዲህስ ከሆነ ሕመምተኛው በኹለት ጭንቅ መካከል መውደቁ ነው፤ ካልተጣበቀ አይድንም፤ ከተጣበቀም አይንቀሳቀስም። ይህን እምነት ካናወጡት ሰዎች አንዱ የስዊድኑ ሐኪም ሉንድቦርግ ነው። በ1978 ከባልደረባው ጋራ ባወጣው ጥናት፣ ከጥንቸል የተወሰደ ጅማት ቈርጦ ሰፍቶ በጕልበት መገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ ልቅ አድርጎ ቢተወው፣ ከሌላ ሥጋ ጋራ ሳይጣበቅ የተቈረጠው ስፍራ መግጠሙን አሳየ። ጅማት ለካ ዙሪያውን ካረጠበው ፈሳሽ እየተመገበ ራሱን በራሱ መጠገን ይችላል።

ከዚያ አስቀድሞ በ1967 በአሜሪካ በሉዊቪል ከተማ የነበረው ክላይነርትና ባልደረቦቹ፣ በዚያ በተፈራው ምድር ጅማትን ወዲያው መስፋት እንደሚቻል ለሐኪሞች ጉባኤ አስታውቀው ነበር። ምሥጢሩም ከስፌቱ በኋላ ባለው ነገር ላይ ነው። ከሕመምተኛው ጥፍር እስከ አንጓው የላስቲክ ክር ያስሩለታል፤ ሰውየው ጣቱን በራሱ ኀይል ያቀናል፤ ላስቲኩ ደግሞ መልሶ ያጥፍለታል። እንዲህ ሲሆን ጅማቱ በሰገባው ውስጥ እየተመላለሰ ለመጣበቅ ጊዜ ያጣል፤ ስፌቱም አይጐተትም። በኋላም በ1982 ጌልበርማንና ባልደረቦቹ በውሾች ላይ መርምረው ሲያስተያዩ፣ ከስፌት በኋላ በጥቂት በጥቂት የተንቀሳቀሰው ጅማት ታስሮ ከቈየው ይልቅ የበረታና በሰገባው ውስጥ የሚንሸራተት ሆኖ ተገኘ። ዕረፍት ኹሉ ፈውስ ነው ለምንል ሰዎች ይህ ታላቅ ትምህርት ነው።

እንግዲህ «ይንቀሳቀስ» ከተባለ የሚከተለው ጥያቄ «ምን ያህል?» የሚለው ነው። ሕያው አካል የሚሸከመውን ኀይል በሚዛንና በልክ የሚመረምረው ትምህርት ባዮሜካኒክስ ይባላል። በ1992 ሹዊንድና ባልደረቦቹ፣ የእጃቸው አንጓ ለሌላ ሕመም በማደንዘዣ ተከፍቶ በነበረ ሰዎች ጅማት ላይ ትንሽ መለኪያ አኑረው ኀይሉን መዘኑት። ሌላ ሰው ጣቱን ሲያጥፍለት በጅማቱ ላይ የሚያርፈው ከ1 ኪሎ ግራም ክብደት ያነሰ ነው፤ ሰውየው ራሱ ያለ ሸክም ሲያጥፈው እስከ 3.5 ኪሎ ይደርሳል፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫፍ አጥብቆ ሲቈነጥጥ ግን እስከ 12 ኪሎ ሆኖ ተገኝቷል። ብርዕ ጨብጠን ስንጽፍ በጣታችን ውስጥ ምን ያህል ጕተታ እንዳለ ከእኛ ማን አስቦት ያውቃል?

የስፌቱም ጕልበት እንዲሁ ተመዝኗል። በተቈረጠው መካከል የሚያልፈው ክር ኹለት ብቻ ከሆነ በግምት 2 ኪሎ ያህል ይሸከማል፤ ይህም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጅማቱ ጫፍ ስለሚለሰልስ እየቀነሰ ይሄዳል። ክሩ አራት ቢሆን ጕልበቱ እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ስድስት ቢሆን ከዚያም ይበልጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሳቬጅ በ1985 የስድስቱን ክር ስፌት አስተምሯል። የአገራችን ሰው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዳለው ነው። ነገር ግን ክሩ ሲበዛ ስፌቱ ያብጥና በጠባቡ ሰገባ ውስጥ አላልፍ ይላል፤ ስለዚህ ብዙዎች በአራት ክር ይረጋሉ።

ክሩ ከተቈረጠው ከንፈር ምን ያህል ርቆ ሥጋውን መያዝ እንደሚገባው ሐኪሟ ስትነግረኝ ግን ነገሩ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። በልጅነቴ ከመምህሬ ዘንድ ብራና ስፍቅ፣ ቆዳው በመፋቂያው የተበሳ እንደ ሆነ በመርፌና በጅማት እንሰፋው ነበር። መርፌውን ከቀዳዳው አፍ አጠገብ የሰካ ተማሪ ቆዳው በተወጠረ ጊዜ ስፌቱ ሥጋውን ቀዶት ይወጣል፤ ራቅ አድርጎ የሰካ ግን ይጸናለታል። ሐኪሞችም ከከንፈሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀው እንዲይዙ በምርመራ ተረድተዋል። እንዲሁም በ1999 በውሾች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በኹለቱ ጫፎች መካከል ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ክፍተት የተፈጠረበት ስፌት በሚቀጥሉት ሳምንታት ጕልበት እንደማይጨምር ታውቋል። ጅማቱን የሚያድነው ክሩ ሳይሆን ራሱ ጅማቱ ነውና። ክሩ እንደ ሞግዚት ነው፤ ልጁ እስኪያድግ ድረስ ይጠብቃል።

ስፌቱም የተደረገልኝ ነቅቼ ሳለሁ ነው። በዚህ ዘመን ካናዳዊው ላሎንድ ባስፋፋው ሥርዓት፣ ጣቱን ብቻ የሚያደነዝዝና ደሙንም የሚገታ መድኃኒት ይወጋል፤ ሕመምተኛው አይተኛም። ሐኪሟ በመዳፌ ውስጥ ሸሽቶ የነበረውን ጫፍ ፈልጋ አምጥታ በአራት ክር ከሰፋችው በኋላ «አባቴ፣ አሁን ጣትዎን ያጥፉ» አለችኝ። አጠፍሁት። ነጭ ሆኖ የሚያበራ፣ ከታጠበ ብራና የሚመስል ገመድ በገዛ እጄ ውስጥ ሲንሸራተት አየሁ። አንድ ስፍራ ላይ ስፌቱ ከቀለበቱ አፍ ጋራ ተያዘ፤ እርስዋም ቀለበቱን በጥቂቱ ከፈት አደረገችለት። ደግሜ ባጠፍሁት ጊዜ አለፈ፤ ክፍተትም አልታየበትም። በዚያች ሰዓት ያደረብኝን ደስታ ልገልጸው አልችልም። የሐኪሟ ሥራ በዚያ ተፈጸመ፤ የቀረው የእኔ ነበር።

በአራተኛው ቀን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ዘንድ ቀረብሁ። እጄ ወደ ኋላ እንዳይቃና በጀርባው በኩል መደገፊያ ተደርጎለት ነበር። ትእዛዙ ቀላል ነው፤ በየሰዓቱ በግራ እጅ ጣቱን ቀስ አድርጎ ማጠፍ፤ ከዚያም በራሱ ኀይል እስከ ግማሽ ማጠፍና መመለስ፤ ምንም ነገር አለመጨበጥ፤ እስከ 12 ሳምንት ከባድ ነገር አለማንሣት። «ካላንቀሳቀሱት ይጣበቃል፤ ያለ ልክ ካንቀሳቀሱት ይበጠሳል» አለኝ። እኔ ግን ከኹለቱ ቃል የሰማሁት ኋለኛውን ብቻ ነው።

ሊጠይቁኝ የመጡ ወዳጆቼም «የተሰፋ ነገር ካልነኩት ይጸናል» እያሉ ፍርሃቴን አበረቱልኝ። ጣቴን ልነካው በሞከርሁ ቍጥር ያ ነጭ ገመድ ሲበጠስ በዐይኔ ይታየኝ ነበር። ስለዚህ ተውሁት። በሳምንቱ ባለሙያው «እየሠሩ ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ «እየሠራሁ ነው» አልሁት። ሐሰት ነበረ። በኹለተኛውም በሦስተኛውም ሳምንት እንዲሁ አልሁ። ተማሪ ሳይቈጥር ያደረውን ቅኔ ቈጠርሁ ሲለኝ ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ የምለይ ሰው፣ በዚያ በታናሽ ልጄ ዕድሜ ባለ ባለሙያ ፊት ሐሰት መናገሬን እስከ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

በስድስተኛው ሳምንት መደገፊያው ሲወልቅ ስፌቱ አልተበጠሰም፤ ጣቴ ግን እስከ ሲሶውም አልታጠፈም። ሐኪሟ ጣቴን በኹለት ጣቷ ይዛ ጥቂት ዝም አለችና «አባቴ፣ ጣትዎ የነገረኝ ሌላ ነው» አለች። ሌላ የተናገረችው ነገር የለም። እኔም እውነቱን ነገርኋት።

ከዚያ በኋላ ለወራት ወደ ፊዚዮቴራፒው ክፍል ስመላለስ ከዛፍ ወድቀው የጀርባ ዐጥንታቸው ከተሰበረ አንድ አዛውንት ጋራ ተዋወቅሁ። አከርካሪያቸው በብሎንና በብረት ዘንግ ተይዟል። «አሁንማ ጀርባዬ ብረት ነው፤ ምን እሆናለሁ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ባለሙያው ግን «አባባ፣ ብረቱ ጠባቂ ነው፤ ዐጥንትዎ እስኪገጥም ነው» አላቸው። ቀጭን ሽቦን ደጋግመው ቢያጥፉት በመጨረሻ እንደሚሰበር ኹሉ፣ ዐጥንቱ ሳይገጥም ቀርቶ ሸክሙን ኹሉ ብቻውን የተሸከመ ብረትም በጊዜ ብዛት ደክሞ ይሰበራል። እንዲሁም የታሰረው ስፍራ ስለማይታጠፍ ከበላዩና ከበታቹ ያሉት አከርካሪዎች የእርሱን ድርሻ ይሸከማሉ።

በጀርባችን ላይ የሚያርፈውም ጭነት ተመዝኗል። በ1960ዎቹ ስዊድናዊው ናኬምሰን በሕያዋን ሰዎች አከርካሪ መካከል ባለው ትራስ፣ ዲስክ በሚባለው ውስጥ፣ መለኪያ ያለው መርፌ አግብቶ ግፊቱን ለካ። በ1999ም በጀርመን አገር ዊልከና ባልደረቦቹ በአንድ ጤነኛ ሰው ላይ ቢለኩ፣ ሲቆም ያለው ግፊት በጀርባው ሲተኛ ካለው 5 እጥፍ ሆኖ፣ ጐንበስ ብሎ 20 ኪሎ ሲያነሣ ግን 23 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ጕልበቱን አጥፎ ያነሣ ጊዜ ግፊቱ ይቀንሳል። በሌሊት ትራሱ ውሃ ይመልሳል፤ በቀን በጭነት ይሰጣል፤ ስለዚህም ሰው ማለዳ ከማታው ይልቅ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ተኝቼ ልክረም» አሉ። ባለሙያውም «ተኝተው የከረሙ እንደ ሆነ ጀርባዎን የሚደግፈው ጡንቻ ይከሳል፤ ይነሡና በልኩ ይራመዱ» አላቸው። እርሳቸው ሲሰሙት ታዘዙ፤ እኔ የሰማሁት ከስሕተቴ በኋላ ነበር።

በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ሐኪሟ ጣቴን ደግማ ከፍታ ጅማቱን ከተጣበቀበት ሰገባ ጥቂት በጥቂት አላቀቀችው። የሚገርመው፣ የሰፋችው ስፍራ ጠንክሮ ድኖ ነበር። ያልበጠሰውን ፈርቼ የጣበቀውን እኔው አዘጋጅቻለሁ። በዚያው ቀን ማታ እጄ ገና በፋሻ ሳለ ማጠፍ ጀመርሁ። ሕመሙ ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ነበር፤ ቢሆንም በየሰዓቱ እየቈጠርሁ አጠፍሁ፤ ባለቤቴም ሰዓት እያየች አንዲት እንኳ እንዳላሳልፍ ጠበቀችኝ። ባለሙያው ሲጠይቀኝም ያደረግሁትንና ያላደረግሁትን ለይቼ ነገርሁት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እጅህ በመስተዋት ወይም በቢላዋ የተቈረጠ እንደ ሆነ የቍስሉን ማነስ አትመልከት፤ ጣቶችህን አንድ በአንድ፣ አንጓውን ኹሉ አጥፈህ ሞክር፤ እምቢ ያለ ቢኖር ቀን ሳትቈጥር ወደ ሐኪም ሂድ። ከተሰፋም በኋላ ልኩን ጠይቅ፤ የተነገረህንም አድርግ፤ ያላደረግኸውን አደረግሁ አትበል፤ ሐኪም የሚያክመው የነገርኸውን እንጂ የደበቅኸውን አይደለምና።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ወደ ሽማግሌው ወጌሻ ሄድሁ። እንደ ቀድሞው ጣቴን ይዘው «እስቲ ያጥፉት» አሉኝ። አጠፍሁት። ጫፉ ወደ መዳፌ ቀርቦ የአንድ ጣት ስፋት ሲቀረው ቆመ። እርሳቸውም የገዛ ጣታቸውን በክፍተቱ ውስጥ አግብተው ለኩና፣

«ደግ ሠርታለች። ይህቺ የቀረችውስ የማን ናት?» አሉኝ።

«የእኔ ናት» አልኋቸው።